የጠፋችው «የ»

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ «የ» የምትባለውን ፊደል አመስግናችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አላውቅም ነበር። የሰው ቤት፣ የሰው ልጅ፣ የሰው ነገር ስንል ቀኑን ሙሉ የምትለፋው እሷ ናት፤ ግን ማን ልብ ይላታል? እኔ ልብ ያልኳት አንድ ህንዳዊ መንገድ ላይ የጣላት ዕለት ነው።

ህንዳዊው ራጉ ይባላል። ሂሳብ ሊያስተምር እኔ የምሠራበት ኮሌጅ የመጣ ሰው ነው። ያረፈበት ሆቴል ከሥሩ ጭፈራ ቤት ስላለው እንቅልፍ አጣ። ክፍል ውስጥ እሱ ሲያዛጋ ተማሪዎቹም አብረውት ያዛጋሉ። እኔ ደግሞ የራሴ ጭንቀት ነበረብኝ። አባቴ ካረፈ ወዲህ እናቴ ሐረር ጀጎል ውስጥ ያለውን ቤት ብቻዋን ይዛ፣ የአባቴን ክፍል ቆልፋ ተቀምጣለች። እኔ ጋ ነይ ብላት እምቢ። ሠራተኛ ልቅጠርልሽ ብላት እምቢ። አንድ ቀን ብትወድቅ ማን ይሰማታል እያልኩ እጨነቃለሁ። እሱ ክፍል ይፈልጋል፤ እሷ ሰው ያስፈልጋታል። ይቺን ሂሳብ ለመሥራት መምህር መሆን አያሻም።

ችግሩ፣ እናቴ አስቀድመው ያማከሯትን ነገር በሙሉ እምቢ ነው የምትለው። ስለዚህ ራጉን አንድ ነገር አስጠናሁት። በሩን አንኳኳና «የእግዜር እንግዳ ነኝ» በል፣ በእኛ አገር እንዲህ ያለ ሰው ከደጅ አይመለስም፣ እኔም ከሥራ ስወጣ እደርሳለሁ አልኩት። ባጃጁ ፈረስ መጋላ አደባባይ አወረደው። ዝናብ ጀመረ። ጠባቡን መንገድ ቁልቁል ሲወርድ እንዳይረሳት ቃሏን እየደጋገመ ነበር። ሲደጋግም ሲደጋግም «የ» የሆነ ቦታ ወደቀች።

እናቴ «ማነው?» አለች።

«እግዜር እንግዳ ነኝ» አላት።

በበሩ ስንጥቅ ብታይ አንድ መለሎ ሰው ሁለት እጁን ደረቱ ላይ ገጥሞ ጎንበስ ብሏል። አማተበችና መቀርቀሪያውን ከረቸመችው። ወዲያው ደወለችልኝ፤ አንድ ሰውዬ በሬ ላይ ቆሞ እግዜር ነኝ እያለ ነው፣ ቶሎ ድረስልኝ አለች።

እየሮጥኩ ስደርስ ራጉ ፊት ለፊት ካሉት ጎረቤታችን ከአዴ ሐሊማ ቤት ሻይ እየጠጣ ነው። አዴ ሐሊማ ተቆጡኝ። «እንግዳ በዝናብ ይቆማል እንዴ? ወላሂ፣ እናትህን ምን ነካት?» እናቴ ከበሩ ኋላ ሆና ሰማች። በጎረቤት መቀደም ደግሞ ሞቷ ነው። በሩ ተከፈተ።

አንዲት ፊደል ጠፍታ ነው ብዬ አስረዳሁ። ግራ የገባው ራጉ ነው። ልዩነቱ ምንድነው አለኝ። እነሱ ዘንድ ልጅ ሁሉ እንግዳ አምላክ ነው እየተባለ ነው የሚያድገው። አምላክ የላከው ሰው አይደለም፤ ራሱ አምላክ ነው። እጃቸውን ገጥመው የሚሰግዱትም በሰውየው ውስጥ ላለው አምላክ ነው።

እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። ክርስቲያን ነው? አይደለም። እስላም ነው? አይደለም። «ታዲያ ምን ቀረ?» አለችኝ። ሐረር ተወልዶ ሐረር ላረጀ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም፤ የምር ጥያቄ ነው። ለጊዜው ሳሎን ይተኛ፣ የንስሐ አባቴ መጥተው ሳይፈርዱ ግን የአባትህ ክፍል አይከፈትም ብላ ቆረጠች።

አባ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። እሳቸው አይሆንም ካሉ ክፍሉ እንደተቆለፈ፣ እናቴም አብራው እንደተቆለፈች መቅረቷ ነው። እሷ ክሷን አሰማች፤ እግዜር ነኝ ብሏል። ራጉ በተሰባበረ አማርኛው መለሰ። ዓለም ሲከፋ አምላክ ሥጋ ለብሶ ይወርዳል፣ እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ወርዷል አለ። አባ ጢማቸውን እየዳበሱ ሰሙትና «እኛ ጋ አንዴ ወርዷል። በቅቶናል» አሉት። እናቴ የረታች መስሏት ነጠላዋን አስተካከለች።

ቀጥሎ ወደ እሷ ዞሩ። በዝናብ ነው የመጣው? አዎ አባቴ። እንግዳ ነኝ ብሎሻል? አዎ። አንቺስ ምን አደረግሽ? በሩን ዘጋሁ።

«ቤተልሔምም እንዲሁ ነው ያደረጉት» አሉ።

እኔ የገና በዓል በመጣ ቁጥር ማደሪያ ላጣችው እናት እያዘንኩ፣ በር የዘጉባትን ሰዎች እየታዘብኩ ነው ያደግሁት። ጌታ በእንግዳ ተመስሎ እንደሚመጣም ስሰማ ኖሬያለሁ። ግን በር ሲንኳኳ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። የገዛ ሃይማኖቴን አንድ ሂንዱ፣ ያውም በተሳሳተ ሰዋስው አስታወሰኝ።

አባ ሊወጡ ሲሉ «አምላክነቱን አልቀበልም። ስለ እንግድነቱ ግን ትጠየቂበታለሽ» አሏት። እናቴ ቁልፉን ከመቀነቷ ፈታች።

ከዚያ ወዲህ ምኑን ልንገራችሁ? ራጉ ሥጋ አይበላም፣ እንቁላል አይነካም። እናቴ ይሄ ሰው ተደብቆ እንጂ መናኝ ነው ትላለች። ስሙም አጠረባትና ራጉኤል አለችው። «ኤል» አምላክ ማለት መሆኑን እያወቀች በገዛ አፏ ቀጠለችለት! ባለፈው ክረምት ጓሮ አንሸራቷት ስትወድቅ ድምጿን የሰማው፣ ተሸክሞ ሐኪም ቤት ያደረሳት እሱ ነው። የፈራሁት ነገር ደረሰ፤ ብቻዋን ግን አልነበረችም። ለራጉ፣ ለአባ፣ ለአዴ ሐሊማ ሻይ፣ መንገድ ላይ ለወደቀችውም «የ» ምስጋናዬ ማለቂያ የለውም።

ባለፈው ቅዳሜ ልጠይቃት ሄጄ አንኳኳሁ። እናቴ በደስታ «ማነው?» አለች።

እኔ ነኝ አልኳት።

«ኤጭ! አንተ ነህ እንዴ? በል ገፋ አድርገው፣ ክፍት ነው። እኔ ደግሞ እግዜር መስሎኝ!»