ጋሽ እስቲ እና የደበዘዘው ጋላክሲ

በየመሥሪያ ቤቱና በየዘመዱ የምሥራች ቶሎ የማይዋጥለት አንድ ሰው አይጠፋም። ልጁ አንደኛ ወጣ ሲሉት «ክፍሉ ውስጥ ስንት ተማሪ ነው ያለው?» ይላል። ዝናቡ አባራ ሲሉት እጁን በመስኮት አውጥቶ ይሞክራል። በሩን ቆልፎ ሦስት እርምጃ ይሄድና ተመልሶ እጀታውን ይነቀንቃል። ይሄን ሰው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ምናልባት ከእናንተው ጋር አንድ ቤት ይኖራል። አያድርገውና እናንተው ራሳችሁም ልትሆኑ ትችላላችሁ።

የዚህ ሁሉ ሕዝብ አለቃ ግን አንድ ናቸው፤ ክቡር ጋሽ እስቲ። እርግጥ የወጣላቸው ስም ሌላ ነው። ነገር ግን «እስቲ እንየው» ሳይሉ ያሳለፉት ነገር ስለሌለ፣ ያንን ስም የሚያስታውሰው የሥራ መታወቂያቸው ብቻ ነው። ባለቤታቸው እንደሚያወሩት ከሆነ፣ «ታገቢኛለሽ?» ብለው ጠይቀው «አዎ» የሚል መልስ ሲሰሙ፣ «እስቲ አንድ ሳምንት አስቢበት» ብለው ወደ ቤታቸው ሄደዋል። የመጀመሪያ ልጃቸው ሲወለድ ደግሞ አዋላጇ «እንኳን ደስ አለዎት፣ ወንድ ነው!» ብትላቸው «እስቲ» ብለው መነጽራቸውን አጠለቁ ይባላል። ይሄኛውን እንኳ ጎረቤት ሳይጨምርበት አልቀረም።

እንግዲህ እኚህ ሰው ሥራቸው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ጥቁር ጉድጓድ መመርመር! ማለትም ማንም ዓይን አይቶት የማያውቀውን ነገር። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ አልከፈት ባለ ክፍል ውስጥ፣ መሃላቸው ላይ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ የተጎለተባቸውን ጋላክሲዎች ያጠናሉ። ጉድጓዱ ራሱ አይታይም። ዙሪያውን የሚሽከረከረው ጋዝ ግን ተውጦ ከመቅረቱ በፊት እጅግ ይግልና ኤክስሬይ ይረጫል። ኤክስሬዩ አየራችንን ማለፍ ስለማይችል፣ ከምድር በላይ የሚዞር ሳተላይት አንድ በአንድ እየቆጠረ ይለቅመዋል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚታየው ያ ቆጠራ ነው።

ከጋሽ እስቲ ፊት ለፊት የምትቀመጠው የዶክትሬት ተማሪያቸው ናት። ይህችን ልጅ እናቷ ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ ራጅ ክፍል ነው የምትሠራው» ብለው ስላስወሩላት፣ ቤት በሄደች ቁጥር ጎረቤቶች ፖስታ ታቅፈው ይጠብቋታል። «ይሄ ጥቁሩ ምንድን ነው ልጄ?» ይሏታል፣ የደረታቸውን ራጅ በአምፖሉ በኩል እያዩ። «ሳንባ ይመስለኛል እማማ፤ ለሐኪም ያሳዩት» ትላለች። የኔ ራጅ የጋላክሲ ነው ብላ ብታስረዳም የሰማት የለም።

አራት ዓመት ሙሉ አንድ ጋላክሲ ላይ ተጣብቃለች። የጻፈችው ጽሑፍ ሦስት ምዕራፍ ሲኖረው ሦስቱም የሚያልቁት «ምንም ለውጥ አልታየም» በሚል ነው። የምርምር ጊዜዋ ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ ያበቃል። ጋላክሲው እስከዚያ አንድ ነገር ካላሳያት፣ በአራት ዓመት የታየ ለውጥ ቢኖር የሷ መጥቆር ብቻ ነው እያለች ትቀልዳለች፤ ቀልዱ ግን አያስቃትም።

እና አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ሳተላይቱ አንድ ቀን ሙሉ ያየውን አዲሱን ቆጠራ ስትከፍት፣ ወንበሯ ላይ መቀመጥ አቃታት። ብርሃኑ ግማሽ ቀን ቀጥ ብሎ ይሄድና በሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ ሲሶው ይወርዳል። የጠፋው ደካማው ኤክስሬይ ነው፤ ጠንካራው እንዳለ አለ። ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ከጎረቤቶቿ ፖስታ ብቻ እንኳ ታውቀዋለች። ወፍራም ነገር ሲጋረጥበት ደካማው ጨረር ይቀራል፣ ጠንካራው ጥሶ ያልፋል። አንድ የጋዝ ደመና በእኛና በጥቁር ጉድጓዱ መካከል ገብቷል! መቼ እንደገባና መቼ እንደሚወጣ ከታወቀ፣ ደመናው ምን ያህል እንደሚሰፋና ለጉድጓዱ ምን ያህል እንደሚቀርብ ማስላት ይቻላል።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ጋላክሲው ወደ ፀሐይ አቅጣጫ እየተጠጋ ስለሆነ ሳተላይቱ ሊያየው የሚችለው እስከ ሰኞ ብቻ ነው። ሳተላይቱ መልሶ እንዲያየው አስቸኳይ ጥያቄ የሚቀበለው ጽሕፈት ቤት ደግሞ የዚህን ሳምንት በሩን የሚዘጋው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ጥያቄውን መላክ የሚችለው ደግሞ የቡድኑ ኃላፊ ነው፤ ማለትም ክቡርነታቸው።

«ጋሼ! አገኘሁት! ደመና ነው!»

ጋሽ እስቲ ገና ኮታቸውን እያወለቁ ነበር። አንዱን እጅጌ እንደለበሱ ቆመው ግራፉን አዩት።

«እስቲ እንየው» አሉ።

መጀመሪያ፣ ከጋላክሲው ሳይሆን ከዳር እየገባ ቆጠራውን የሚያበላሸውን ተራ ጨረር በትክክል ቀንሳ እንደሆነ ጠየቋት። ቀንሳለች። «እስቲ የዳሩን ጨረር ከሌላ ጥግ ወስደሽ ድገሚው» አሏት። ደገመችው፤ ያው ነው። ከምሳ በኋላ ወደ ጎረቤት ሄዱ። ከጋላክሲው አጠገብ ብርሃኗ የማይለዋወጥ አንዲት ኮከብ አለች። ሳተላይቱ ዓይኑን ዘወር አድርጎ ከሆነ እሷም አብራ መደብዘዝ አለባት። ልጅቷ አየች፤ ኮከቧ ንቅንቅ አላለችም። ሰዓቱ ግን እየሄደ ነው። ጋሽ እስቲ ደግሞ በየመሃሉ ወደ ራሳቸው ኮምፒዩተር ዞረው ቀስ ብለው አንድ ነገር ይጽፋሉ። ደብዳቤ እየመለሱ ነው ብላ ደሟ ፈላ።

«አሁንስ ምን ቀረ ጋሼ?» አለች፣ ድምጿ ከፍ ብሎ።

«ምድር» አሏት። «ሳተላይቱ ምድርን በዘጠና ስድስት ደቂቃ አንዴ ይዞራል። በየዙሩ ምድር ራሷ ከፊቱ ትጋረጥበታለች። እሷን ለይተሻል?»

«ኮምፒዩተሩ ያወጣዋል እኮ!»

«ኮምፒዩተሩ እናት የለውም። አንቺ አለሽ።»

በቃ ሰውየው ለቀቁ፣ አለች በልቧ። ጋሽ እስቲ መነጽራቸውን አወለቁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ባንቺ ዕድሜ ሳለሁ አንድ ጋላክሲ ነበረኝ። ኤክስሬዩ በየዘጠና ስድስት ደቂቃው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ልክ እንደ ልብ ትርታ። የጥቁር ጉድጓድ ትርታ አገኘሁ ብዬ ሮጬ ወጣሁና ለእናቴ ደወልኩ። እናቴ ለሰፈሩ ነገረች፣ ሰፈሩ ለዘመድ። በሦስተኛው ቀን ሳተላይቱን የሚቆጣጠረው ባለሙያ ‹ለመሆኑ ሳተላይታችን ምድርን በስንት ደቂቃ እንደሚዞር ታውቃለህ?› አለኝ።»

ልጅቷ መሳቅ ጀምራ ነበር፤ ፊታቸውን ስታይ ተወችው።

«ለእናትዎ ምን አሏቸው?»

«ምንም። አፌ እንቢ አለኝ። በደወልኩ ቁጥር ‹ያ ትርታ ደህና ነው?› ትለኛለች። ‹ደህና ነው እማዬ› እላለሁ። አሥራ አንድ ዓመት፣ እስክታርፍ ድረስ እንደዚያ ነው የኖርነው።»

ከዚያ በኋላ ልጅቷ አልተከራከረችም። አሥራ አምስቱን ዙር እሳቸው ሰዓቱን እየጠሩ፣ እሷ በእርሳስ ምልክት እያደረገች፣ አንድ በአንድ ለቀሙት። ምድር የገባችባቸውን ደቂቃዎች በሙሉ አወጡ። መደብዘዙ ግን እዚያው ነበር፤ በዙሩ ልክ አይመላለስም፣ አንዴ ወርዶ እንደወረደ ቀርቷል።

ቀና ስትል ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሆኗል። «ወይኔ! ቅጹ እኮ ስድስት ገጽ ነው! አይደርስም!» እንባዋ መጣ።

ጋሽ እስቲ ኮምፒዩተራቸውን ወደ እሷ አዞሩት። ስድስቱም ገጽ ተሞልቷል። የጋላክሲው አድራሻ፣ ምክንያቱ፣ የሚፈለገው ሰዓት፣ ሁሉም አለ። ግኝቱ የማን ነው በሚለው መስመር ላይ የሷ ስም ብቻ ተጽፏል። ከላይ፣ ቅጹ የተከፈተበት ጊዜ ይነበባል፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከአሥር። «አገኘሁት!» ብላ በጮኸች በአምስት ደቂቃ ውስጥ ማለት ነው።

«እንዴ! ከጠዋት ጀምሮ አምነውኝ ነበር?»

«አንቺንማ መቼ ተጠራጠርኩ?» አሉና፣ እንደ ልማዳቸው ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አንብበው፣ አሥራ አንድ ሊሆን ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ላኩት። እሷ በዚያች ሁለተኛ ንባብ ላይ አንቃ ልትገድላቸው ምንም አልቀራትም።

ሳተላይቱ ቅዳሜና እሑድ አየላቸው። ማክሰኞ ጠዋት ቆጠራው ሲመጣ ልጅቷ አልሮጠችም፤ አልጮኸችም። ዳሩን ቀነሰች፣ ጎረቤቷን ኮከብ አየች፣ ዙሩን በእርሳስ ለቀመች። ከዚያ ግራፉን ይዛ ጠረጴዛቸው ላይ አኖረችው። ብርሃኑ ቅዳሜ ማታ ቀስ እያለ ወጥቶ፣ እሑድ ጠዋት ወደ ድሮ ቦታው ተመልሷል። ደመናው አልፏል።

ጋሽ እስቲ ረጅም ጊዜ አዩት። «እስቲ» ይሉ እንደሆነ ብላ ጠበቀች፤ ቢሉም ዛሬ ደስ እንደሚላት ታወቃት። እሳቸው ግን የጠረጴዛውን ስልክ አንስተው ፊቷ አስቀመጡላት።

«ደውዪላት» አሉ።

ደወለች። «እማዬ፣ ያ ጋላክሲ... አንድ ነገር አገኘሁበት። አዎ፣ እርግጠኛ ነኝ። ጋሽ እስቲም አይተውታል።»

«እሳቸው ካዩትማ አለቀ!» የሚለው የእናቷ ጩኸት ከስልኩ አፈትልኮ ወጣ፤ ከዚያም ሳቅ፣ ከዚያም ጎረቤት የመጥራት ድምፅ ተከተለ።

ጋሽ እስቲ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ በማይከፈተው መስኮት በኩል ወደ ውጭ እያዩ ቆመዋል። መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ይወለውላሉ።

«እስቲ» አሉ ሳይዞሩ፣ «ድምፁን ከፍ አድርጊልኝ።»