ከድንጋዩ እስከ ውኃው

ሐኪም ሳይሆን መድኃኒት የሚያዝ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። የእኛዋ የሐይቅ ከተማ ግን ባሰባት፤ መምህር ሳይሆኑ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የሚያዙ ሰው አሏት። ክቡር ጋሽ አብዱልመናን ይባላሉ። ትምህርታቸው እስከ ስምንተኛ፣ ሥራቸው የችግኝ ጣቢያ ዘበኝነት ነበር። አሁን ጡረታ ወጥተዋል። የወጡት ግን ከዘበኝነቱ እንጂ ከምክሩ አይደለም።

ከደሴ በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ ላፕቶፕ ያቀፈ ወጣት ካዩ አለቀለት። ሾፌሩን «እስቲ ይቺን አምባሰል ቀነስ አርጋት» ይሉና ወደ ኋላ ይዞራሉ።

«ርዕስ ያዝክ?»

ገና ሁለተኛ ዓመት ነኝ ማለት አያድንም። ይዣለሁ ማለት ደግሞ ይብሳል። የያዘው ምን እንደሆነ እሳቸውም ያውቃሉ፣ ሾፌሩም ያውቃል፤ «የአገልግሎት አሰጣጥ በደንበኞች እርካታ ላይ ያለው ተጽዕኖ» ነው። አገር ምድሩ የሚመረቀው በዚህ ነው።

«አቦ ደንበኛውን ተወው!» ይላሉ ጋሽ አብዱልመናን። «ደንበኛ መቼ ረክቶ ያውቃል? ደመናውን ጠይቅ! የአየር ንብረቱን አጥና!»

ክቡርነታቸው የትምህርት ዘርፍ አይመርጡም። የሕግ ተማሪ ካገኙ፣ ዝናብ ሲቀር ማን እንደሚከሰስ አጥንቶ እንዲመጣ ያዙታል። የጎረቤታችን የእትዬ ተሻለች ልጅ አንዳርጋቸው ኢንጂነሪንግ ጨርሶ ያገባ ዕለት፣ ሙሽራው ከመኪና ሳይወርድ በመስኮት ደረሱበት።

«ምን ላይ ሠርተህ ተመረቅክ?»

«ድልድይ ላይ፣ ጋሼ።»

«ወንዙ ከደረቀ ድልድዩ ምን ሊሆን ነው?»

ሚዜዎቹ ባይገቡ ኖሮ ሁለተኛ ዲግሪ ሳያስመዘግቡት አይለቁትም ነበር። ሙሽሪት እስካሁን ቂም ይዛባቸዋለች።

ማስረጃቸው አንድ ድንጋይ ነው። አባታቸው ከሶላት በፊት ለመታጠብ፣ ለውዱእ፣ ወደ ሐይቁ ሲወርዱ ጫማቸውን የሚያወልቁበት ጠፍጣፋ ድንጋይ። ጋሽ አብዱልመናን ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ፣ በግንቦት የመጨረሻዋ ጁምዓ፣ ከዚያ ድንጋይ እስከ ውኃው በእርምጃ ቆጥረው በአንዲት ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ይጽፋሉ። የመጀመሪያው ዓመት ሃያ ነበር። በመጨረሻ ሃምሳ ደረሰ። «ሠላሳ እርምጃ ሸሸ!» ይላሉ፤ ሚኒባሱ ውስጥ ሲናገሩት ደግሞ ሠላሳው ሦስት መቶ ይሆናል። ሐይቁ በእሳቸው አፍ ልክ ቢደርቅ ዛሬ ዓሣው ደሴ የሚገባው በእግሩ ነበር።

ስስቅባቸው ኖሬአለሁ፣ አልዋሽም። ሳቄን ያቆመችው የእህቴ ልጅ ሒክማ ናት። የስታቲስቲክስ ተማሪ ነች፤ የመጨረሻ ዓመቷ ላይ እንደ ወጉ የደንበኛ እርካታ ይዛ ሄደች። አማካሪ መምህሯ «ዘንድሮ ብቻ አምስተኛዋ ነሽ» ብሎ መለሳት። ቢጨንቃት ወደ ጋሽ አብዱልመናን ሄዳ ደብተሩን ተዋሰች። ሰውየው ያን ዕለት በደስታ ምሳ አልበሉም።

ጽሑፉ ሊያልቅ ሲል መምህሩ አንዲት ጥያቄ ጠየቃት። «እኚህ ሰው ሲጀምሩ አርባ ዓመታቸው ነበር፤ አሁን ሰባ አልፏቸዋል። ሐይቁ ነው የሸሸው ወይስ እርምጃቸው ነው ያጠረው? እስከ ሐሙስ መልስ ካላመጣሽ ዘንድሮ አትመረቂም።»

ሒክማ እያለቀሰች ቤቴ መጣች። «አጎቴ፣ የሠላሳ ዓመት ልፋትዎ ከንቱ ነው ብዬ እንዴት እነግራቸዋለሁ? ምረቃው ይቅርብኝ።»

«አብሽሪ፣ አይዞሽ» አልኳት፤ እኔም ፈርቼ ነበር። አብረን ሄድን።

ጋሽ አብዱልመናን አንድም ጊዜ ሳያቋርጧት ሰሟት። እኚያ ሰው ሌላውን አስጨርሰው ሲሰሙ አይቼ አላውቅም፤ አንጀቴን በሉት። «እንግዲያ ሐይቁ አልሸሸም ነው የምትይኝ?» አሉ።

ሒክማ ደብተሩን ታገላብጥ ጀመር። ከእያንዳንዱ ዓመት ቁጥር ጎን፣ ለጥናቷ አይሆንም ብላ ያለፈችው ሌላ ቁጥር ተጽፏል።

«ጋሼ፣ ይሄኛውስ ምንድን ነው?»

«እሱን ተይው። እሱ የኔና የጌታዬ ነው» አሉ አፍረው። «ከድንጋዩ እስከ መስጊዱ በር ነው። ወደ መስጊድ ለሚራመድ በየእርምጃው አጅር፣ የጌታ ምንዳ፣ ይጻፍለት የለ? ውዱእ አድርጌ ለጁምዓ ስወጣ እሱንም እቆጥራለሁ።»

«መስጊዱ ቦታውን ለውጦ ያውቃል?»

«ምነው ልጄ፣ ጤና የለሽም?»

ልጅቷ ብድግ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። የመስጊዱ ቁጥር መጀመሪያ ሁለት መቶ ነበር፤ አሁን ሁለት መቶ ሃምሳ። መስጊዱ ካልተነቃነቀ ያጠረው እግራቸው ነው፤ የዛሬው ሃምሳ እርምጃቸው የድሮው አርባ ነው። በስልኳ ደመረች፣ ቀነሰች፣ ቀና አለች።

«ሐይቁ ሸሽቷል፣ ጋሼ። ግን ሃያ እርምጃ ነው። አሥሩ...»

«አሥሩ እኔ ነኝ» አሉ። «ሱብሐነላህ! ሐይቁን በአሥር እርምጃ ሳማው ኖሬአለሁ። አፉ ይበለኝ።» ከዚያ ደብተሩን ወደ እሷ ገፉት። «ጻፊው። ሐይቁንም ጻፊ፣ እግሬንም ጻፊ።»

ተመረቀች። መምህሩ «ይህ የአንድ ድንጋይ ወሬ እንጂ የመላው ሐይቅ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ አስጽፎባት ነው ያሳለፋት። ጋሽ አብዱልመናንም ሚኒባሱ ውስጥ ንግግራቸውን አርመዋል፤ «ሃያ ሸሸ፤ አሥሩ የኔ ነው» ይላሉ፣ እግራቸውን እየመቱ። ኩራቱ ግን እጥፍ ሆኗል፤ እግራቸው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የተመረቀ ነው የሚመስላቸው።

ዘንድሮ በግንቦት የመጨረሻዋ ጁምዓ ሒክማ ሜትር ይዛ መጣች። «ከእንግዲህ አንቱ አይድከሙ» ብላ ከድንጋዩ እስከ ውኃው ለካች። አልተቃወሙም። ለውዱእ ወርደው ተመለሱና ጫማቸውን አጥልቀው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ወደ መስጊዱ መቁጠር ጀመሩ። አብሬያቸው ሄድኩ። ሳላስበው እየቀደምኳቸው ሦስት ጊዜ ቆሜ ጠበቅኳቸው።

በሩ ጋ ሲደርሱ ፊታቸው በራ።

«ሁለት መቶ ስልሳ አንድ! አምና ሁለት መቶ ሃምሳ ነበር። ማሻአላህ፣ አሥራ አንድ አጅር ጨመረልኝ!»

ሒክማ አየችኝ፣ አየኋት። ሒሳቡን ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ የጨመረው ዕድሜያቸው ነው። እሳቸው ግን ቁጥሩን በደስታ ጽፈው፣ ደብተራቸውን ኪሳቸው ከተው፣ በሩ ላይ ጫማውን የሚያወልቅ አንድ ጎረምሳ ትከሻ ላይ እጃቸውን ጣል አደረጉ።

«ርዕስ ያዝክ?»

ያን ቀን ሶላቴን ጨርሼ እጄን ስዘረጋ የለመንኩት አንድ ነገር ነው፤ ያ ረቢ፣ ይህቺን መስጊድ ሦስት መቶ፣ አራት መቶ እርምጃ አርቅላቸው።