መብራቷ ላይ የለጠፍኩት ናስትሮ

ሰው የሚፈራው መታመሙን አይደለም፤ መታመሙን የሚነግረውን ነው። በሰፈራችን የደም ግፊቱን ላለመለካት ጤና ጣቢያውን በሩቁ ዞሮ የሚያልፍ የተከበረ ሰው ሞልቷል። ካልተለካ የለማ! እናንተም ብትሆኑ፣ አትደብቁኝ፣ ግድግዳው ላይ ስንጥቅ ስታዩ ግንበኛ ከመጥራታችሁ በፊት ቁም ሣጥኑን ወደዚያ ገፋ ታደርጋላችሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ግን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ይህን የምለው ልገሥጻችሁ ብዬ አይደለም። ከሁላችሁም የባስኩ ፈሪ እኔ ነኝ፤ ማስረጃዬም የጣት ጫፍ የምታህል ጥቁር ናስትሮ ናት።

የምኖረው ከአቃቂ ዋና መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። ክረምት ሲገባ መንገዳችን ከእግር ላይ ጫማ ይነጥቃል። በዚህ የተነሳ አሮጌ የፊልድ መኪና ገዛሁ፤ አራቱም ጎማዋ የሚጎትት ፎር ዊል። ጎረቤት ሁሉ “ከእንግዲህማ ጭቃን ረሳኸው” አለኝ። ጭቃውንስ ረስቼው ነበር፤ አላስቀምጥ ያለኝ ዳሽቦርዱ ነው። አንዲት ብጫ መብራት አለች፤ ከኋላዋ ሁለት የተጠማዘዙ መስመሮች የምትጎትት ትንሽ መኪና የተሳለባት። መንገዱ ባዳለጠ ቁጥር ብልጭ ድርግም ትላለች። ያኔ ከወለሉ ሥር ግርርር የሚል ድምፅ ይመጣል፣ ሞተሩም እንደተቆጡት ልጅ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ድምፁን የሚጨምረው የኔ ልብ ነው።

ሳሪስ ጋራዥ ወዳለው መካኒኬ ወደ ሙራድ ወሰድኳት። ከፈተ፣ ነዳ፣ ሳቀ።

“ጋሼ፣ መኪናዋ ጤነኛ ናት። ብልጭ ድርግም ስትል ‘ይዤሃለሁ’ እያለችህ ነው።”

ከዚያ በኋላ በዘይት በቆሸሸ ጣቱ ኮፈኑ ላይ እየሳለ አስረዳኝ። እያንዳንዱ ጎማ አጠገብ ፍጥነቱን የሚከታተል ሴንሰር አለ። የሞተር ጉልበት ደግሞ ሲፈጥረው ክፉ ዐመል አለበት፤ መሬት ቆንጥጦ የያዘውን ጎማ ትቶ ጭቃ ላይ በከንቱ ለሚፈነጨው ይሰጣል። (በየመሥሪያ ቤቱ የምታዩት ነገር ስለሆነ አላብራራውም።) ሴንሰሮቹን የሚያዳምጠው የመኪናዋ ሲስተም ያንን ሥራ ፈት ጎማ ለብቻው ፍሬን ይይዘውና ጉልበቱን ለሚሠራው ይመልስለታል። አስፋልት ላይም ሌላ ሥራ አለው፤ መሪው ወዲህ ሲል የመኪናዋ ጅራት ወዲያ ካለ፣ አንዱን ጎማ ለይቶ ቆንጠጥ አድርጎ፣ ነዳጁንም ቀንሶ፣ ወደ መስመሯ ይመልሳታል።

“ከባድ ጭቃ ውስጥ ግን ጉልበት እየቀነሰ ያስቆምሃል” አለኝ ሙራድ። “ያኔ ይቺን በተን ተጫንና አጥፋው። መብራቷ መርገብገቡን ትታ ዝም ብላ ትበራለች፤ ጠፍቷል ማለት ነው። አስፋልት ስትወጣ መልሰህ ክፈተው። አደራ፣ ጋሼ!”

ሁሉም ገባኝ። ጭንቅላቴ የገባው ነገር ግን ልቤ ዘንድ አልደረሰም። መብራቷ ብልጭ ባለች ቁጥር መሪውን ከመጨምደዴ የተነሳ ጣቶቼ ይደነዝዙ ጀመር። በመጨረሻ አንድ ቁራጭ ናስትሮ ለጠፍኩባት። ከዚያ ቀን ወዲያ መኪናዬ ጤነኛ፣ እኔም ጀግና ሆንን።

ሐምሌ እንደገባ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ልጄ ሜላት ከመዋዕለ ሕፃናት ልትመረቅ ነው። ስድስት ዓመቷ ነው። ጥቁር ጋውን ለብሳ፣ እንዳይወድቅባት በእጇ የምትደግፈው ቆብ ደፍታ፣ ከኋላ ቀበቶዋን ታስራ ተቀምጣለች። እናቷ ወንበር ልትይዝ ቀድማለች። ከፊት አጠገቤ ያሉት አማቴ ጋሽ ንጋቱ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባቡር የነዱ፣ ሐዲድ ላይ የማይሄድ ነገር ሁሉ አሻንጉሊት የሚመስላቸው ሰው።

“ይቺ ምን አጥፍታ ነው የታሸገችው?” አሉኝ፣ ናስትሮዋን በጣታቸው ነካ አድርገው።

“ዓይን ትወጋለች፣ አባባ” አልኩ። ፈራሁ ብሎ ለአማት መናገር ይከብዳል።

ከሰፈር ሳንወጣ ጭቃው ያዘን። ሞተሩ ያቃስታል፣ መኪናዋ አትነቃነቅም፣ ሜላት “አባዬ፣ ስሜ ሊጠራ ነው!” ትላለች። በተኗን ተጫንኩ፣ ነዳጅ ረገጥኩ። ጭቃው እስከ መስኮት ተረጭቶ ወጣን። ሜላት አጨበጨበች። ጋሽ ንጋቱ ግን አልተደሰቱም።

“የሚፈነጭ ጎማ አይሄድም” አሉ። “እኛ ሲያንሸራትተን ጉልበት ቀንሰን ሐዲዱ ላይ አሸዋ ነበር የምናፈሰው።”

ባቡሩ ለዚሁ የተሠራ የአሸዋ ሣጥን እንደነበረው ነገሩኝ። ልብ አላልኩም፤ ሐሳቤ ሰዓቱ ላይ ነበር።

አስፋልት ወጣን። ሲስተሙን መልሼ መክፈቱን ረሳሁት። ልታስታውሰኝ የተፈጠረችው መብራት ደግሞ ናስትሮ ሥር ሆና ትበራለች። ወደ ድልድዩ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ካፊያው አስፋልቱን ቅቤ የተቀባ አስመስሎታል፤ ጎማዎቼም ጭቃ እንደጎረሱ ናቸው። ድንገት አንድ ባጃጅ ከጥግ ብቅ አለ። ፍሬን ያዝኩ፣ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዝኩ፣ ባጃጁን ሳትኩት። መሪውን ወደ ቀኝ ስመልስ ግን የመኪናዋ ጅራት አልመለስም አለ። ዞርን። የወረድኩትን ቁልቁለት ፊት ለፊቴ አየሁት፤ ከላይ የሚወርደውን ባለ ተሳቢ ከባድ መኪናም አየሁት፤ ክላክሱ ጆሮዬን ሞላው። በመስተዋቱ ውስጥ ሁለት ትንንሽ እጆች ቆቡን ግጥም አድርገው ይዘዋል። ልጄን በገዛ እጄ ገደልኳት አልኩ በልቤ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

መኪናዋ የኋላ ጎማዋን የመንገዱ ዳር ቦይ አፍ ላይ አድርጋ ቆመች። ከባዱ መኪና ክንድ በማትሞላ ርቀት አጠገባችን አለፈ። ማንም አልተነካም። የእጅ ፍሬኑን ስቤ ወደ ኋላ ዞርኩ።

“አባዬ፣ ደረስን?” አለች ሜላት፣ በቀጭን ድምፅ።

ጋሽ ንጋቱ በጥፍራቸው ናስትሮዋን ላጥ አደረጓት። ሥሯ መብራቷ ቀጥ ብላ በርታለች።

“ይህን ሁሉ መንገድ ስትናገር ነበር” አሉ። “ለምንድን ነው አፏን የያዝካት?”

“ፈርቼ ነው፣ አባባ።”

“እኔም ጡረታ እስክወጣ ፈርቼ ነው የነዳሁት” አሉ፣ ረጋ ብለው። “ዓይኔን ሸፍኜ ግን አልነዳሁም።”

በኋላ ሳስበው፣ በዚያች መኪና ውስጥ የነበርነው ሁለት ፈሪዎች ነን፤ እኔና ሲስተሙ። እሱ ጎማ በተንሸራተተ ቁጥር ይደነግጥና ፍሬን ይይዛል፤ እኔ እደነግጥና እሸፍናለሁ። ፈሪ ለእናቱ የሚባለው ለየትኛችን እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም።

ምረቃው ላይ ደረስን፤ የሜላት ስምም ተጠራ። ሚስቴ አየችኝና “ምነው ላብ አጠመቀህ?” አለች። “ሙቀቱ ነው” አልኳት። በሐምሌ! ጋሽ ንጋቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሌላ ናስትሮ እየለጠፍኩ እንደሆነ ገባኝና ሁሉንም እዚያው ነገርኳት። ያለችኝን አልጽፈውም።

ናስትሮዋን ጋሽ ንጋቱ አልጣሏትም፤ በተኗ ላይ ለጠፏት። ጭቃውስ? ትሉኝ ይሆናል። ከመኪናዋ ኋላ አንድ ጆንያ አሸዋ ተቀምጧል። ኮምፒውተር ያላት መኪና ጭቃው አፍ ላይ ስትደርስ ቆማ ትጠብቃለች፤ የባቡር ነጂው ቀስ ብለው ይወርዱና በጣሳ ከጎማዎቿ ፊት አሸዋ ይበትኑላታል። ከዚያ ጫን አደርጋለሁ፤ ከወለሉ ሥር ግርርር ይላል።

“ብልጭ አለች?” ይላሉ ከውጭ።

“ብልጭ አለች!” ትላለች ሜላት ከኋላ።

እኔ ልቤ ድው ድው እያለ፣ መብራቷን እያየሁ፣ ቀስ ብዬ እነዳለሁ።