ሥጋ የተዉት ባለ ሉካንዳና አኩሪ አተሩ

ሥጋ አልበላም የሚል ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሥጋውን ትቶ አትክልት ይበላል፤ እሱን እግዜር ይባርከው። ሁለተኛው ሥጋውንም ይተዋል፣ አትክልቱንም ይጠላል። የዚህኛው ዓይነት በየቤቱ አንድ አንድ አይጠፋም፤ የምግብ ሠሪውን ዕድሜ የሚበላውም እሱ ነው።

ለአንዲት ልብስ ሰፊ የደረሳት ሁለተኛው ነው። የባሏ አባት አርባ ዓመት ሙሉ ሉካንዳ ቤት ቆመው ሥጋ ሲቆርጡ ኖሩ። ሱቁን በዘጉ ማግስት «ከእንግዲህ ሥጋ የሚባል በአፌ አይዞርም» ብለው ማሉና ሻንጣቸውን ይዘው ልጃቸው ቤት ገቡ። ልጃቸው ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚመለስ ሾፌር ነው። ስለዚህ ክቡርነታቸው በምራታቸው እጅ ወደቁ፤ እሷ እንደምትለው ከሆነ ደግሞ፣ የወደቀችው እሷ ናት።

ቆስጣ ስታቀርብ «ይኼን ለላም ስጪያት» አሉ። ካሮት ስታቀርብ «ጣፋጭ ካማረኝ ከረሜላ እገዛለሁ» አሉ። አበባ ጎመን «ካልሲ ካልሲ ይላል» ተባለ። ቀይ ሥር የቀረበ ዕለት ግን ሳህኑን በአንድ ጣት ገፋ አድርገው እጃቸውን ሊታጠቡ ተነሡ። የሚበሉት ዳቦ፣ ማርማላታና የተጠበሰ ድንች ብቻ ነው። ለቀረው ሁሉ ፍርዳቸው አንድ ነው፦ «ይኼ ማንነቱን የማያውቅ ምግብ ነው።»

አንድ ቀን ደረጃ ሲወጡ ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ሐኪሙ መርምሮ ሲያበቃ ያፈጠጠው እሷ ላይ ነው። «ሰውየው ምን እየበሉ ነው የሚውሉት? ገንቢ ምግብ አላገኙም እኮ! አኩሪ አተር ይስጧቸው፤ ምስር፣ ባቄላ።» እሷ ላይ! ቀንም ሌትም ለፍታ አመድ አፋሽ!

በንዴት ሁለት ኪሎ አኩሪ አተር ገዛች። የደንበኛ ቀሚስ ያለ እጅጌ ተሰቅሎ እየጠበቃት፣ ነከረች፣ አሸች፣ ልጣጩን ለቀመች፣ ቀቀለች። ሾርባ አድርጋ ሰጠቻቸው፤ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ አውጥተው ሳህኑ ጠርዝ ላይ ደረደሯቸው። ፈጭታ፣ በሽንኩርት ለውሳ፣ ጠፍጠፍ አድርጋ ጠበሰችላቸው፤ በሹካ ገለበጥ አደረጉና «ማነው ይኼን ምስኪን ‹ሥጋ ነህ› ብሎ ያታለለው?» አሉ። ደሟ ፈላ።

ከዚያ ወዲያ አኩሪ አተሩን አልማ ፈጭታ ከድንች ጋር ቀላቀለችውና ሳትነግራቸው አቀረበችላቸው። «የዛሬው ድንች ሌላ ነው!» ብለው አስጨመሩ። ሦስት ቀን በሉ። በአራተኛው ቀን ውኃ ሊቀዱ ማዕድ ቤት ሲገቡ አኩሪ አተር የተጣበቀበትን መፍጫ አዩ።

«አንቺ ልጅ፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «አርባ ዓመት ስሸጥ የፍየሉን የበግ ነው ብዬ ለማንም አልሰጠሁም። በልጄ ቤት ድንች ነው ተብዬ ሌላ ልብላ?»

እውነታቸውን መሆኑ ነው የባሰ ያናደዳት።

«ታዲያ ምን ላድርግ አባባ? ደረጃው ላይ ተዘርረው ሳይዎት ልቤ ቀጥ ሊል ነበር! ከነስሙ ባቀርበው አይበሉ፣ ደብቄ ባቀርበው አጭበርባሪ ሆንኩ!» ከድስቱ ካልተፈጨው ቅቅል አንድ ጭልፋ ዛቀች፤ ሳህን ላይ ዘረገፈችው፤ ሎሚ ጨመቀችበትና ፊታቸው ዷ አደረገችው። «ይኸው! አኩሪ አተር ነው። አባቱም አኩሪ አተር፣ አያቱም አኩሪ አተር። ሲፈልጉ ይብሉት፣ ሲፈልጉ ይቁጠሩት!»

ወደ ስፌት መኪናዋ ሄዳ፣ በንዴት የቀሚሱን እጅጌ በአንገቱ በኩል ሰፋችው። ከኋላዋ ማንኪያ ሳህን ሲነካ ተሰማ።

«ጨው አነሰው፣» አሉ በመጨረሻ።

ጨው ይዛ ስትመለስ ሳህኑ ተጋምሷል።

ከዚያ ወዲህ በቤቱ አዲስ ሕግ ወጣ። ማንኛውም አትክልት ሳይቆረጥ፣ ከነስሙ እፊታቸው ይቀርባል፤ የሚቆርጡት ራሳቸው ናቸው። በዚያ በለመደ እጃቸው ካሮቱን እንደ ወረቀት ያሳሱታል፤ ጥቅል ጎመኑን ሳይሰብሩ ይበልቱታል፤ በነጭ ሽንኩርት ጠብሰው ጥርግ ያደርጉታል። እሷ ግን አሁንም ትናደዳለች። ጥሩውን ቢላዋዋን ወረሱባት፣ ጠረጴዛዋን ያዙባት፣ የገዛችውን ፎሶሊያ አንድ በአንድ እያነሡ «ይኼን ማን ሸጠልሽ?» ይሏታል። ቀይ ሥር እስከ ዛሬ ደጃፉን አልረገጠም።

ብስጭቱ የበዛባት ዕለት ለባሏ እህት ደውላ አለቀሰች። እህትየዋ በማግስቱ መጥታ፣ ታክሲ ደጅ አስቁማ ገባች።

«እኔ ልውሰዳቸው፣ አንቺ ተቃጠልሽ። እኔ ቤት የቀረበላቸውን ይበላሉ። ደግሞ ሽማግሌ ምን ምርጫ አለው?» ሻንጣውን አንሥታ ወደ በሩ አመራች።

ልብስ ሰፊዋ ከአፏ ስፒሎቹን ተፍታ ተነሣች። ሻንጣውን ነጠቀቻት።

«የትም አይሄዱም!»

«እንዴ! ትናንት በስልክ ስታለቅሺ አልነበር?»

«ባለቅስ የማለቅሰው እኔ! በገዛ አባቴ ጉዳይ አንቺን ምን አገባሽ?»

እህትየዋ ባዶ እጇን ወደ ታክሲው ተመለሰች። ማዕድ ቤት ቆሞ የነበረው የቢላዋ ድምፅ ቀስ ብሎ ቀጠለ።

የማንን አባት ከማን እንደነጠቀች ልብስ ሰፊዋን የገባት ታክሲው ከሄደ በኋላ ነው። ያኔም ቢሆን ይቅርታ ልትጠይቅ አልደወለችም።