በሬውን ያሳመረው ስልኬ

ወገኖቼ፣ ይህቺን ቁጭ ብላችሁ አንብቡልኝ። ቆማችሁ ካነበባችሁ በሳቅ ወድቃችሁ እኔን ትከሱኛላችሁ!

ዛሬ የአማቴን በሬ በዱላ እየነዳሁ ጫካ አስገባሁት።

አማቴ ሊሆኑ የታሰቡትን ሰውዬ ማለቴ ነው። አሁን እንኳ እንጃ።

ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ። ጂንካ ቢሮ ውስጥ ከማርቆስ ጋር ፊት ለፊት ነው የምንቀመጠው። ሥራችን ምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ውለን የምንገባው ስልክ ስናወዳድር ነው። የብራንዶቹን ስም አልጠራም፤ አንዳቸውም ስፖንሰር አላደረጉኝም።

የኔ ስልክ አራት ካሜራ አለው። ቻርጁ በደቂቃዎች ይሞላል፣ መብራት ካለ። ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ምንም አይሆንም ይባላል፤ እስካሁን ለመሞከር ግን አልደፈርኩም። የማርቆስ ደግሞ ሁለት ሲም ይይዛል፣ ባትሪውም ሞት አያውቅም። ካሜራው ግን... ተዉት፣ የጓደኛን ገመና አላወጣም።

"የኔ ስልክ ያለውን ነገር ነው የሚያነሳው" ይላል ማርቆስ።

ያለውንማ በዓይናችንም እናየው የለ! ታዲያ ያን ሁሉ ብር ለምን አወጣሁ?

እንግዲህ ትዕግሥት የምትባል ልጅ ላገባ ሽማግሌ ልኬያለሁ። ቤተሰቦቿ ከጂንካ ወረድ ብሎ ወይጦ አጠገብ ናቸው። አባቷ አባባ ኦይታ "እናስብበት" ብለው መልሱን አቆይተውታል። ባለፈው ሳምንት ራሴን ላስወድድ ብዬ ማርቆስን አስከትዬ ልጠይቃቸው ወረድኩ።

አባባ ኦይታ አንድ በሬ አላቸው። በሬ ስላችሁ ተራ በሬ እንዳይመስላችሁ፤ ይዘፍኑለታል።

እኔና ማርቆስ የካሜራ ፉክክራችንን እሱ ላይ አደረግነዋ! የማርቆስ ፎቶ ላይ አንድ ዳለቻ በሬ አቧራ ለብሶ ቆሟል፤ በቃ። የኔ ስልክ ግን ቀለሙን አድምቆ፣ ሰማዩን አጽድቶ፣ የሚያብረቀርቅ ቀይ በሬ አወጣ። አንድ ጆሮው ጫፉ ላይ ተቀዷል። አሳዘነኝና ቅዳጁን በስልኬ ማጥፊያ፣ በኢሬዘሩ፣ ፎቶው ላይ ደፈንኩለት።

ለካ ጆሮው ሆን ተብሎ ነው የተቆረጠው። ከብቱ የማን ቤት እንደሆነ የሚለየው በሱ ነው። ይሄን ዛሬ ነው የሰማሁት።

ከትናንት ወዲያ በሬው ጠፋ።

ትዕግሥት እያለቀሰች ደወለችልኝ። አባቷ እህል አልቀምስም ብለው ተቀምጠዋል፤ ፎቶውን በየቦታው ልቀቅልን አለችኝ። ማርቆስ ወዲያው የሱን ላከልኝ። እኔ በዚህ ኳሊቲማ ስሜን አላስጠፋም ብዬ የራሴን በየቴሌግራም ግሩፑ ለቀቅኩት። ላይክ እንደ ጉድ ጎረፈ! አንዱማ የሚሸጥ ከሆነ ኢንቦክስ አድርግልኝ ብሏል።

ዛሬ ጠዋት ራሴ አግኝቼው ጀግና ልባል ነዋ፣ አዲሱን ቀይ ኮፍያዬን ደፍቼ ወይጦ ወረድኩ። ሞተር ተከራይቼ ወደ ሰፈራቸው ስንሄድ አንድ በሬ መንገዱ መሃል ቆሞ አላሳልፍ አለን። ሞተረኛው ዞሮ ይሄ ይሆን እንዴ ሲለኝ ስልኬን አወጣሁ።

አስተያየሁ። ዙም አደረግኩ። ቀለሙም አይደለም፣ ጆሮውም አይደለም።

"የኛ ቆንጆ ነው" አልኩት።

ከዚያ ከሞተሩ ወርጄ፣ ዱላ ቆርጬ፣ በሬውን እስከ ጫካው ድረስ ሸኘሁት። አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አይቶኝ ነበር። እሱ ሳያውቀኝ አልቀረም።

ከሰዓት በኋላ እኔ ቤተሰቡን እያጽናናሁ ሳለ አንዲት ጎረቤት ያንኑ በሬ እየነዱ መጡ። አባባ ኦይታ አንገቱን አቅፈው እንደ ልጅ አለቀሱ። እኔ ግን በሬው እንዳያየኝ ከሰው ኋላ ተጠጋሁ። ሴትዮዋ እንዴት እንዳገኙት ሲጠየቁ፣ አንድ ባለ ቀይ ኮፍያ ሌባ በዱላ ወደ ጫካ ሲነዳው ከሩቅ አይተው ተከታትለው እንዳስጣሉት ተናገሩ።

ኮፍያዬን ቀስ ብዬ ኪሴ ልክተት ስል ሁሉም ዞረው አዩኝ።

ምን ላድርግ? ስልኬን አውጥቼ ማስረዳት ጀመርኩ፤ ፎቶውን፣ ቀለም ማድመቂያውን፣ ኢሬዘሩን። አባባ ኦይታ ስልኩን ተቀብለው ብዙ ቆይተው አዩት።

"ጥሩ በሬ ነው" አሉ። "የማን ነው?"

ስልኩን ሲመልሱልኝ ግቢው ሙሉ ሳቀ። ትዕግሥት ብቻ አልሳቀችም። እጄን ይዛ ከሰው ነጠል አደረገችኝና ሁለት ጉንጮቿን በሁለት እጆቿ ሸፈነች።

"ጉንጬ ላይ ጠባሳ አለኝ" አለችኝ። "በየት በኩል ነው?"

ወገኖቼ፣ እጄ በራሱ ጊዜ ስልኬን ሊያወጣ ወደ ኪሴ ሄደ። አየችው።

ደግሞ ባወጣውስ? ስልኬ በሷ ፎቶ ተሞልቷል። አንዱም ላይ ጠባሳ የለም፤ ሁሉንም አሳምሬዋለሁ። እንደዚህ አፍሬ አላውቅም።

እስከ ነገ አስብና ንገረኝ ብላኛለች። የአባቷም መልስ ነገ ነው። እኔ ደግሞ ልጅቷን እወዳታለሁ፤ ይሄን እንኳ እመኑኝ።

ትዕግሥትን የምታውቁ የጂንካ ልጆች፣ ግራ ነው ቀኝ? በውስጥ መስመር ንገሩኝ። ፎቶ ግን እንዳትልኩልኝ።