በ26 ጁን ሰፈር ቪላዎች ስለተደረሰበት ከባድ ረሃብ

የምግብ ኢንዱስትሪው የቤተሰቦችን የምግብ ዋስትና እጦት ለመቀነስ ምን ሊያደርግ ይችላል? ለዚህ ጥያቄ መልሱ የተገኘው ሀርጌሳ፣ በአንድ የዱቄት ፋብሪካ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ሳለ ዓለም እስካሁን አለመስማቱ ያሳዝናል። መልሱ አጭር ነው፦ ዱቄት መስጠት። ለማን የሚለው ግን በሳይንስ መመለስ ስላለበት ፋብሪካው አቶ በሪሁንን ከአዲስ አበባ አስመጣ። አቶ በሪሁን ከወንበራቸው ሳይነሱ ረሃብን የሚለኩ ባለሙያ ናቸው።

መለኪያው ታብሌት ላይ የተጫነ መጠይቅ ነው። ዋናው ጥያቄ፦ «ባለፉት አራት ሳምንታት ከቤተሰቡ መካከል ቀኑን ሙሉ ምግብ ሳይቀምስ የዋለ አለ?» ጥናቱም በወጣለት መርሐ ግብር መሠረት በረመዳን ሃያ ስድስተኛው ቀን ተጀመረ።

መረጃ ሰብሳቢዋ ሰብሪና መጀመሪያ የደረሰችው 26 ጁን የተባለው የባለጸጎች ሰፈር፣ የወይዘሮ ዳሀቦ ቪላ ነው። ወይዘሮዋ ድሬዳዋ ሲነግዱ በለመዱት አማርኛ ተቀበሏት፤ ጥያቄውንም በጥሞና ሰሙ።

«አልሐምዱሊላህ! ሃያ አምስቱንም ቀን! ሹፌሩ፣ ዘበኛው ሳይቀር። ትንሿ ልጄም ዘንድሮ አንድ ቀን አልገደፈችም። ማሻአላህ በይ እንጂ!»

«ማሻአላህ» አለች ሰብሪና። ታብሌቱ ቀይ አበራ፦ ከባድ ረሃብ። ከጓዳ ሁለት ፍሪጆች ያጉረመርማሉ፤ ስለ ፍሪጅ ግን መጠይቁ ላይ ጥያቄ የለም።

ከሰዓት በኋላ ሼክ ኑር ወደሚባለው የድሆች ሰፈር ወረደች። ፈዲላ የወይዘሮ ዳሀቦን ልብስ እያጠበች ሦስት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት፤ ሦስተኛው ገና ጡት አልጣለም። ቤቷ የቀረው ዱቄት ጆንያው ሲገለበጥ ከስፌቱ የሚራገፈው ብቻ ነው።

«ቀኑን ሙሉ ሳትበሉ የዋላችሁበት ቀን አለ?»

«ኧረ እኔ አጠባለሁ፣ አልጾምም። ትናንት በሻይ ያራስኳትን ዳቦ ቀምሻለሁ።»

«ልጆቹስ?»

«ሕፃን ይጾማል እንዴ፣ እህቴ? ከዚያችው ዳቦ ቆረስኩላቸው።»

«ፈዲላ፣ በአላህ፣ አልበላንም በይ!»

«በረመዳን ልዋሽ? አስተግፊሩላህ!»

ታብሌቱ አረንጓዴ አበራ፦ አስተማማኝ ዋስትና ያላት።

ሰብሪና ቢሮ ተመልሳ ጮኸች። «አቶ በሪሁን፣ ሰዉ እኮ ጾም ላይ ነው!»

«እኛ የምንመዘግበው ውጤት ነው፤ ምክንያት አይደለም።»

«እርስዎ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩት ምግብ አጥተው ነው?»

አቶ በሪሁን የናሙናውን ዝርዝር ገልጠው አዩ። «የእኔ ቤት ናሙናው ውስጥ አልገባም» አሉ።

የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ግኝቱን በአዳራሽ አበሰሩ። «ከከፍተኛ አጥር ጀርባ በዝምታ የሚማቅቀውን ወገናችንን እስከ ዛሬ ሳናየው ኖረናል!» ታዳሚው አጨበጨበ። ለእያንዳንዱ ቪላ ሁለት ኩንታል ተወሰነ። የጭነት መኪናው ደጃፍ ድረስ የሚያስገባ አስፋልት ስላገኘ ሥርጭቱ በግማሽ ቀን ተጠናቀቀ።

ፈዲላ ወሬውን ሰምታ ሕፃኑን አዝላ ፋብሪካው በር ላይ ቆመች።

«በልተሻል ይላል» አሉ አቶ በሪሁን ታብሌቱን እያሳዩዋት።

«ጌታዬ፣ ዛሬ ግን ምንም የለኝም።»

«ዛሬማ ጥናቱ ተዘግቷል።»

ባዶ እጇን ልብስ ልታጥብ ወደ አሠሪዋ ሄደች። ወይዘሮ ዳሀቦ ግቢያቸው መሐል በተከመረው ዱቄት ዙሪያ እየተንጎራደዱ ነበር።

«ማን ነው ይሄን ያራገፈብኝ? ቤቴ ወፍጮ ቤት መሰለ እንዴ? ፈዲላ! ልጆቹ ምን በሉ?»

«እስካሁን ምንም፣ እትዬ» አለች ፈዲላ።

«እንግዲያው ሁለቱንም ኩንታል ውሰጂልኝ። የዒድ ዘካ ይሁንልኝ። ሹፌሩ ያድርስልሽ።»

ከዒድ በኋላ አቶ በሪሁን ውጤቱን ሊያረጋግጡ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንበራቸው ተነሥተው ከሰብሪና ጋር ወጡ። ቪላው ውስጥ አንዲት እፍኝ ዱቄት አላገኙም፤ «ሁኔታው ተባብሷል» ብለው መዘገቡ፤ ለከርሞ አራት ኩንታል እንዲሰጥም በአስቸኳይ አሳሰቡ። ሼክ ኑር ደግሞ ፈዲላ ቤት ሁለት ኩንታል ቆሞ አገኙ።

«አየሽ ሰብሪና?» አሉ ፊታቸው በርቶ። «ጥናቱ ይህችን ሴት ዋስትና አላት አላለም?» ከዚያ ወደ ፈዲላ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አሠሪሽ ወይዘሮ ዳሀቦ በጣም ተርበዋል። ካለሽ ላይ ብታካፍያቸው መልካም ነው።»

ፈዲላ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች።

«ያ ረቢ! የእትዬ ዳሀቦን ረሃብ አታጥፋብኝ!»

«አሚን» አለች ሰብሪና።