የታመመች በቅሎ ጥየቃ

አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጨዋ ሰው የጎረቤቱን በቅሎ ገመና አደባባይ አያወጣም፤ እኔም የማወጣው አንገቴን ደፍቼ ነው።

እኛ ደባርቆች የታመመ መጠየቅ እንወዳለን። ከመውደዳችን የተነሣ አንዳንዱ ከበሽታው ተርፎ በጠያቂ ይሞታል። ጉዱን ያፈላውም ይኸው ደግነታችን ነው።

ጎረቤቴ አያ ደሴ ዳማ የምትባል በቅሎ አለችው። የባለበቅሎዎች ተራ ሲደርሰው የቱሪስት ድንኳን ጭና ተራራ ትወጣለች፤ ቤቱ የሚተዳደረው በእሷ ጀርባ ነው። ታዲያ ክረምቱ ሊወጣ፣ ቱሪስቱ ሊገባ ሲል ዳማ ማሳል ጀመረች። የዋዛ ሳል እንዳይመስላችሁ! አፍንጫዋ ይዝረበረባል፣ ገብስ ስታይ ፊቷን ታዞራለች።

የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ አያት። «ጉንፋን ነው አያ ደሴ፤ በትንፋሽ ይጋባል። ያሳርፏት፣ ሌላ የጋማ ከብትም አያስጠጉባት» ብሎ ወደመጣበት ዳባት ተመለሰ።

ወሬው ግን ከሐኪሙ ቀድሞ ዳባት ገብቶ ኖሯል፤ በማግስቱ ጠያቂ ጎረፈ። በምን መጣ አትሉኝም? በበቅሎ ነዋ!

«አያ ደሴ፣ እግዜር ይማራት!»

«አሜን። በቅሎዎቹን ግን ወዲያ ብታስሯቸው... ሐኪሙ...»

«ኧረ ተወን! አብረዋት ተራራ የወጡ ናቸው፤ እነሱስ አይጠይቋትም?»

አያ ደሴ አፈረ። የእንግዳ በቅሎ ጦሟን ብትውል ነውር አይደል? ዳማ የተወችውን ገብስ፣ በዚያው በዳማ ገንዳ፣ ለእንግዶቹ በቅሎዎች አቀረበ።

ብዙም ሳይቆይ አገሩ ሁሉ ሳል በሳል ሆነ። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ይባላል። ይህ በሽታ ግን ዘር አይጠይቅም፤ ፈረሱንም አህያውንም እኩል አስነጠሰ። ሽማግሌዎች ነገሩ ቢያሳስባቸው፣ የጋማ ከብት እንዳይገናኝ ለመምከር ስብሰባ ጠሩ።

ሰዉ በበቅሎ መጣ።

መስቀል አልፎ ቱሪስቱ ሲገባ፣ ቀድማ የታመመችው ዳማ ቀድማ ድና፣ በደንብም አርፋ ጠበቀችው። የቀሩት ገና ያስሉ ነበርና የሁሉንም ተራ አያ ደሴ ብቻውን ጫነ። ያኔ እነዚያው ጠያቂዎች ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «አያ ደሴ እኮ መታመሙንም ያውቅበታል!»

እኔ የእኔዋን በቅሎ ጓሮ ደብቄ ከረምኩ። ተራዬ አለፈኝ እንጂ በሽታውስ አላገኛትም። ብቻ ዛሬ ጠዋት አንድ ጊዜ ሳል አደረጋት፤ አቧራ ይሆናል።

አደራችሁን ለማንም እንዳትነግሩብኝ። ጠያቂ ይመጣብኛል።